የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሊያውቀው የሚገባ ነገር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣታችን ምናልባት የማይገባ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከበረው በቈጠረው ዓመት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ የተገኘው ዕውቀት ከግቢው አጥር ወጥቶ ለወላጆች ቤት ሲጠቅም ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የምንሰናበት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከመጻሕፍት ያነበብነውንና ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን አንድ ነገር ለበዓሉ እንደ ስጦታ አድርገን እናቀርብላችኋለን።

ርእሳችን ይህ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ወይም አንድ ወጣት በኢንሱሊን የሚታከም የስኳር በሽታ ሲይዘው፣ ለወንድሞቹ፣ ለእኅቶቹና ለልጆቹ ምን ያህል ያሠጋል? በሽታው ገና ሳይገለጥ ምልክቱን ማወቅ ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃና በሰርቦ የምንኖር ሰዎች ምን ማድረግ ይገባናል? በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እንናገር። በሆዳችን የላይኛው ክፍል፣ ከጨጓራ በስተኋላ፣ ቆሽት የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን የሕዋሳት ስብስቦች አሉ። እነዚህን ደሴቶች ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1869 ዓ.ም. ስለ ገለጻቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ከደሴቶቹ ሕዋሳት መካከል ቤታ የሚባሉት ኢንሱሊን ያመነጫሉ። የምንበላው እንጀራና ቆሎ፣ የምንጠጣውም ሻይ በሆዳችን ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳታችን እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነትም በጥጋብ መካከል ይራባል።

የስኳር በሽታ ሁሉ አንድ አይደለም። በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ አብዝቶ የሚታየው ዓይነት 2 የሚባለው ሲሆን፣ በዚህ ኢንሱሊን ባይጠፋም ሰውነት እንደሚገባ አይታዘዝለትም። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን በልጆችና በወጣቶች ላይ ስለሚወድቀው፣ ዓይነት 1 ስለሚባለው ነው። በዚህ በሽታ ጊዜ ሰውነታችንን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ይሳሳትና፣ ጠላት እንዳየ ዘበኛ በገዛ ጌታው ቤት ላይ ይነሣል፤ የቤታ ሕዋሳትንም ቀስ በቀስ ያጠፋቸዋል። ስለዚህ በሽታው ስኳር በመብላት የመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቡዳም ድንጋጤም እርግማንም አላመጣውም፤ የወላጅም ጥፋት አይደለም።

ከ100 ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቈይ ይሞት ነበር። በ1921 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት ለይተው ማውጣት ቻሉ። በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ሊዮናርድ ቶምሶን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ መድኃኒቱን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በ1923 ዓ.ም. ባንቲንግና ጆን ማክላውድ ስለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሚገድል ሳይሆን አብሮ የሚኖር በሽታ ሆኗል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በሽታው በጊዜ ከታወቀና ኢንሱሊን ከተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በሽታው በአንድ ቀን የወደቀ ይመስላል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. ሊቃውንት በሕመምተኞች ደም ውስጥ የላንገርሃንስን ደሴቶች የሚቃወሙ አንቲቦዲዎች መኖራቸውን ገለጹ። ከዚያም በኋላ በኢንሱሊን ላይ፣ ጋድ በሚባለው ፕሮቲን ላይ፣ አይ.ኤ.2 በሚባለውና ዚንክን በሚያጓጕዘው ፕሮቲን ላይ የሚነሡት አንቲቦዲዎች አንድ በአንድ ታወቁ። እነዚህ አንቲቦዲዎች ምልክቱ በሰውዬው ላይ ከመታየቱ ከወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ዓመታት በፊት በደም ውስጥ ይገኛሉ። እሳቱ ሳይታይ ከሣር ክዳን ሥር እንደሚወጣ ጢስ ናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታውን በ3 ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ፤ የደሙ ስኳር ግን ደኅና ነው። በሁለተኛው ደረጃ የደሙ ስኳር መዛባት ይጀምራል፤ ልጁ ግን ሕመም አይሰማውም። በሦስተኛው ደረጃ ጥማት፣ ክሳትና የሽንት ብዛት ይገለጣሉ። እኛ በተለምዶ “ታመመ” የምንለው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ዘመዶችስ? በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረገው ቈጠራ፣ ዘመድ ታማሚ ከሌላቸው 1000 ሰዎች መካከል ዓይነት 1 የሚይዛቸው 4 ያህል ናቸው። ወንድም ወይም እኅት ከታመመባቸው መካከል ግን ከ100 ሰዎች 5 ያህሉን ይይዛል። ይህን ቍጥር በሁለት ወገን ማንበብ ይገባል። በአንድ በኩል አደጋው ከሌላው ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። በሌላ በኩል ከ100 ወንድሞችና እኅቶች 95ቱ በደኅና ይኖራሉ። እንግዲህ ሥጋቱ ቸል የሚባል አይደለም፤ ቤተሰብን እንቅልፍ የሚነሣም መሆን የለበትም። ከዚህም ሌላ፣ በሽታው ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ በቤታቸው ቀድሞ የታመመ ሰው የሌላቸው መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

በውጭ አገር ዘመዶችን በደም ምርመራ መፈተሽ የተለመደ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳስረዳው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንቲቦዲ ከተገኘባቸው ልጆች ከ100 ወደ 70 የሚሆኑት በ10 ዓመት ውስጥ ታመዋል። አንድ ብቻ ከተገኘባቸው ግን ከ100 የታመሙት 15 ያህል ነበሩ። በጀርመን፣ በባቫርያ ክፍለ ሀገር፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመድ ያላቸውም የሌላቸውም ሕፃናት ተመርምረዋል። በ2020 ዓ.ም. በወጣው ዘገባ መሠረት ከ90,632 ልጆች መካከል በ280ዎቹ ላይ የበሽታው መጀመሪያ ተገኝቷል። ኢጣሊያም በ2023 ዓ.ም. ለልጆች ሁሉ እንዲህ ያለው ምርመራ እንዲደረግ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች።

ምርመራው ምን ጥቅም ሰጠ? ሁለት ጥቅሞችን እንጥቀስ። አንደኛው መድኃኒት ነው። በ2019 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የነበሩ 76 የሕመምተኛ ዘመዶች ተከፍለው ከፊሎቹ ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ለ14 ቀን በደም ሥር ተሰጣቸው፤ በሽታውም በአማካይ 2 ዓመት ያህል ዘገየላቸው። በኅዳር ወር 2022 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ፈቀደው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በሽታውን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ለእኛ ቤተሰቦች በእጅ ያለ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም ግን ያለ ውድ መድኃኒት የተገኘ ስለሆነ እኛን ይበልጥ ይመለከተናል። በባቫርያ አስቀድሞ የታወቀላቸው ልጆች በሽታው ሲገለጥባቸው፣ ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል የሚገባ እጅግ ጥቂት ሆነ። ምርመራ ሳይደረግላቸው ከሚታመሙት የጀርመን ልጆች ግን ከ100 ከ20 የሚበልጡት ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደማቸው በአሲድ ከተመረዘ በኋላ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? ወላጆቹ ምን እንደሚጠብቁ ያውቁ ነበር፤ ጥማቱን ባዩ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ደሙን አስለኩ። ሕይወትን ያዳነው ንቃት ነው ማለት እንችላለን። ንቃት ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጅማና የጎንደር ሐኪሞች፣ ከእንግሊዝ አገር ሐኪሞችና ከፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋራ በመተባበር፣ የስኳር፣ የሚጥልና የደም ግፊት ሕመምተኞች ሩቅ ወደ ሆስፒታል መመላለሳቸው ቀርቶ በአቅራቢያቸው ባሉት ጤና ጣቢያዎች በነርሶች ክትትል እንዲያገኙ ያደረጉትን ሥራ በ2007 ዓ.ም. ለዓለም አስታውቀዋል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በገጠር ኢትዮጵያ ኢንሱሊን ስለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ጽፈው፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ድኾች፣ ቀጫጭን ወጣቶችና በተለይም ወንዶች መሆናቸውን ገለጹ። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ለበሽታው ምክንያት ሊሆን ይችል እንደሆነም ጥያቄ አነሡ። ይህ የስኳር በሽታ የባለጸጋ በሽታ ነው ለሚሉት ሁሉ በቂ መልስ ነው።

ታዲያ የአገራችን ወጣቶች በሽታ እንደ አውሮፓውያኑ በመከላከያ ኃይል ስሕተት የሚመጣ ነውን? መልሱ “በከፊል” ነው። በ2020 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአውሮፓ ለዓይነት 1 የሚያጋልጡት ኤች.ኤል.ኤ. የሚባሉት የዘር ውርስ ምልክቶች በእነርሱም ላይ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም የዘር ውርስና የአዲሱ አገር ኑሮ አብረው ለበሽታው አስተዋፅኦ እንዳላቸው ገልጿል። በሌላ በኩል በ2011 ዓ.ም. በመቐለ ሕመምተኞች ላይ የታተመው ጥናት፣ ኢንሱሊናቸው አልቆ ሳለ አንቲቦዲ ያልተገኘባቸው ሰዎች መኖራቸውን አስረድቷል። በ2025 ዓ.ም. በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ በ894 ልጆችና ወጣቶች ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ደግሞ፣ ከ100 ሕመምተኞች በ65ቱ ላይ አንቲቦዲ እንዳልተገኘ ገልጿል። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት የሚመጣውን የስኳር በሽታ “ዓይነት 5” ብሎ ለይቶ ተቀብሎታል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የአንቲቦዲ ምርመራ ነገ ጅማ ቢመጣ እንኳ “አንቲቦዲ የለም” የሚል ወረቀት በእኛ አገር ለአንድ ቤት የመጨረሻ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ወረቀቱን ይዞ ተኝቶ የሚያድር ቤት፣ ወረቀት ከሌለው ግን ከነቃ ቤት የባሰ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ቢኖርም ባይኖርም ምልክቱን ማወቅ የሁሉም መሠረት ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ አንድ ቡና ገበሬ 5 ልጆች አሏቸው እንበል። ታላቁ ልጅ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረ 2 ዓመት ሆኖታል። በጥቅምት ወር የእሸት ቡና ለቀማ ሲጀመር የ11 ዓመቷ ልጅ መክሳት ትጀምራለች፤ “ለቀማው ነው ያከሳት” ይባላል። ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፤ “ፀሐዩ ነው” ይባላል። ሌሊት ለሽንት ትመላለሳለች፤ “ውኃ ስለ ጠጣች ነው” ይባላል። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ይመስላል። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ያስመልሳታል፣ ሆዷን ያማታል፣ ትንፋሿም ይፈጥናል፤ አሁን ደግሞ “ወባ ነው” ተብሎ የወባ መድኃኒት ይፈለግላታል። ይህ ቤት የስኳር በሽታን የማያውቅ ቤት አይደለም። መርፌውና ብልቃጡ በየቀኑ በዓይኑ ፊት ነው። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በታላቁ ላይ የታየው በታናሺቱም ላይ ሊታይ እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም።

በልጅቷ ሰውነት ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ስኳሩ ወደ ሕዋሳት መግባት ሲያቅተው ሰውነት የራሱን ስብ ያቃጥላል፤ ከዚህም ኬቶን የሚባል አሲድ ይወጣና ደሙን ይመርዛል። ሐኪሞች ይህን ኬቶአሲዶሲስ ይሉታል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ እንደ በሰበሰ ፍሬ ያለ የአፍ ጠረን፣ ድብታ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይከተላል። ኢንሱሊንና ፈሳሽ በጊዜ ካልተሰጠ ይገድላል። ወባ በሚገኝባቸው ቦታዎች ከወባ፣ በሌላም ስፍራ ከታይፎይድና ከጨጓራ ሕመም ጋራ ይመሳሰላል። ስለዚህ ልጁ ለወባ ደሙን ሲሰጥ፣ ከዚያው ጣት ሌላ አንድ ጠብታ ለስኳር መለኪያው መስጠት ይገባል። አንዱ ምርመራ ሌላውን አይከለክልም፤ ሁለቱ በሽታዎችም ባንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ይህን ጉዳይ ስናጠና በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄውን ያነሣው በራሱ ላይ በሽታው ያለበት፣ ስሙ እንዲጠራ ያልወደደ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሲሆን፣ “ታናሽ እኅቴ ብትመረመርና ቢገኝባት ምን ትጠቀማለች?” አለን። ከእኛ አንዳንዶቹ፣ መዳኛው ላልተገኘለት በሽታ አስቀድሞ ማወቅ ሐዘንን ማስቀደም ነው አሉ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ወሬው ጎረቤት ደርሶ የሚያጫት ሰው ሊያሳጣት ይችላል ብለው ተከራከሩ። ሌሎቻችን ግን፣ ሐዘኑ የሚበረታው ልጅ ራሷን ስታ በቃሬዛ ስትወጣ ነው አልን። በክርክሩ አንደኛው ወገን ሌላውን ፈጽሞ አላሸነፈም፤ ምክንያቱም ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

በመጨረሻ በ3 ነገሮች ተስማማን። አንደኛ፣ ምልክቱን ማወቅ ማንንም አይጎዳም፤ ይህ ለቤተሰቡ ሁሉ ዛሬውኑ ሊነገር ይገባል። ሁለተኛ፣ የአንቲቦዲ ምርመራ ሊደረግ የሚገባው ውጤቱን በሚገባ የሚያስረዳ፣ ልጁንም ለዓመታት የሚከታተል ሐኪም ባለበት፣ በወላጆች ፈቃድና በምስጢር ነው፤ “ተገኝቶብሃል” ብሎ ከዚያ በኋላ የሚተው ምርመራ ከመርዳት ይልቅ ያስጨንቃል። ሦስተኛ፣ ወደፊት ሊታመሙ የሚችሉትን ከመፈለግ በፊት ዛሬ ለታመሙት ኢንሱሊን፣ መርፌና መለኪያ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። ቀድሞ ማወቅ ዋጋ የሚኖረው መድኃኒቱ ሲኖር ነውና።

ስለ ጋብቻና ስለ ሐሜት የተነሣውንም አንለፈው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ አባቶቻችን። ኢንሱሊን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። በእንግዳ ፊት እንዳይታይ ተብሎ መርፌው የሚደበቅበት ልጅ ግን አንድ ቀን መርፌውን ይተዋል። እንግዲህ ልጁን የሚጎዳው ከበሽታው ይልቅ እኛ በበሽታው ላይ የጫንነው ኀፍረት ነው።

አሁን በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ወላጆች ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምንፈልገውን በአጭሩ እንናገር። በቤታችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ ዘንድ ኢንሱሊን የሚወጋ ወጣት ካለ፣ በቀሩት ልጆች ላይ 4 ነገሮችን አስተውሉ፤ የማይረካ ጥማት፣ የሽንት መብዛት፣ እየበሉ መክሳት፣ ያለ ምክንያት መድከም። ሌሊት በአልጋው ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረም ቸል አትበሉ። ጉንዳን ሽንቱ ላይ ሲሰበሰብ ብታዩ ይህንንም አትናቁት፤ የጥንት የህንድ ሐኪሞች በሽታውን የለዩት በዚህ ነበርና። ከእነዚህ አንዱን ባያችሁ ዕለት ልጁን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ “በቤታችን የስኳር ሕመምተኛ አለ፤ የዚህም ልጅ ደም ይለካልን” በሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የልጁን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ልኬቱ የጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ይፈልጋል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይም አይፈጅም። ምልክቱ ባለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት የተለካ ስኳር 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሐኪሞች የስኳር በሽታ መኖሩን ይወስናሉ። ምግብ ሳይበላ ጧት ለሚለካ ደግሞ ወሰኑ 126 ነው። ልጅ በዚህ ምክንያት “ለነገ ተመለስ” የሚባልበት ጊዜ የለም፤ በተለይ የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ዛሬ ደኅና ሆኖ የተለካ ልጅም ለዘለዓለም ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ምልክት በታየ ቍጥር እንደገና መለካት ይገባዋል።

ኢንሱሊን የጀመረውን ልጅ ደግሞ ማንም መርፌውን አያስጥለው። በጠበል የሚያምን ይጠመቅ፤ በዱዓ የሚያምን ያስደርግ፤ ነገር ግን ጸሎቱም መርፌውም አብረው ይሂዱ። በጾም ወራትም ቢሆን አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ርኅራኄ ያላቸው መሆኑን ካህናቱና ሼሆቹ ያስረዳሉ ብለን እናምናለን።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤ ከእናንተም የምንለምነው አለን። አንድ ተማሪ ከክፍል ለሽንት ደጋግሞ ለመውጣት ቢጠይቅ፣ ሰነፍ ነው ከማለት በፊት ከስቶ እንደሆነ ተመልከቱት፤ ወላጆቹንም ጠይቁ። በኢንሱሊን የሚታከም ተማሪ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥና ሐሳቡ ቢበታተን ስኳሩ አንሶበት ሊሆን ስለሚችል፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ስጡት።

በጤና ጣቢያ ለሚያገለግሉ ነርሶችና በየቀበሌው ለሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሕመምተኛው ኢንሱሊኑን ሊወስድ በመጣ ቍጥር፣ ስለ ራሱ ከተጠየቀ በኋላ “ከወንድሞችህና ከእኅቶችህ የሚጠማው፣ የሚከሳ አለ ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ ምንኛ መልካም ነው! ለዚህ አዲስ መሣሪያም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። ሕመምተኛው ራሱ የቤቱ መርማሪ ይሆናል፤ በሽታውን ከማንም ይልቅ በሥጋው ያውቀዋልና።

በመጨረሻ ለጓደኞቻችን ለተማሪዎች። ጅማ የጤና ትምህርት ከተማ ናት። በ1983 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተመሠረተባት፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከግብርና ኮሌጁ ጋራ ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከመካከላችን በዚህም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና፣ ነርስነትና ላቦራቶሪ የሚማሩ ይኖራሉ። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር ኤልያስ ሲራጅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከጣት የተወሰደ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ አንቲቦዲዎቹ ሊመረመሩበት እንደሚቻል አሳይተዋል። የደረቀ ወረቀት ደግሞ ከጌራም ከጎማም በፖስታ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል። በቡና አገር ወጣቶች ላይ የሚወድቀው የስኳር በሽታ ስንቱ ከመከላከያ ኃይል ስሕተት፣ ስንቱ ከምግብ እጥረት እንደሚመጣ መርምሮ የሚነግረን ሰው፣ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ታናናሽ ተማሪዎች አንዱ ወይም አንዷ ትሁን ብለን እንመኛለን።

እስከዚያው ግን ላቦራቶሪ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። የስኳር በሽታ በገባበት ቤት ቅጠሉ ይህ ነው፤ አራቱን ምልክቶች ማወቅ፣ ደሙን በዕለቱ ማስለካት፣ አለመደበቅ። ከአንድ ቤት አንድ ልጅ በድንገት ቢታመም ማንም አይወቀስም። ሁለተኛው ልጅ ግን ባለማወቃችን ምክንያት እንዳይሞትብን አደራ እንላለን።